ለዳንቴል ቡድናችን፦ የገና ስጦታና የኔ ሪፖርት

እህቶች፣ ባለፈው ቅዳሜ ስለቀረሁ ይቅርታ። የበጀት ዓመቱ ግማሽ የሚያልቀው ታኅሣሥ 30 ነው፣ ገና ደግሞ 29። ማን እንዳገጣጠማቸው እንጃ! ቀን ሪፖርት፣ ማታ ኪሮሽ ሆኗል ኑሮዬ። ለእናቴ የጀመርኩት የረከቦት ዳንቴል ዳሩ ላይ ቆሟል፤ ትናንት መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ልቀጥል ብዬ ሦስት ዙር አበላሸሁና እሱን ስፈታ አመሸሁ። ለወንድሜ ሹራብ አስቤ ነበር፣ ቀርቷል። ከሂርማታ ገበያ በርጩማ ገዝቼለት እገላገላለሁ (የጅማ በርጩማም እኮ የእጅ ሥራ ነው፣ የኔ እጅ ባይሆንም)። እናንተ ግን ክሩን ቀድማችሁ ግዙ፣ በዓል ሲቃረብ ነጩ ይጠፋል። የዚህ ቅዳሜ እኔ ቤት ነው፣ ቡና አለ። ላፕቶፔን ብቻ እንዳትቀየሙት፣ እሱም አብሮን ይቀመጣል።