ለሌዘር ጠረጴዛህ የሚሆን ካሜራ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታሁን፣ ደብረ ብርሃን

እንደምን ሰንብተሃል? ከተጠፋፋን ስንት ክረምት አለፈ! እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ለሌዘር ጠረጴዛህ የምትገዛውን ካሜራ በሜጋፒክሰል ብዛት አትምረጥ። ከሌንሱ በኋላ የፎሪየሩ ምስል (ሌንሱ ብርሃኑን በአቅጣጫው ለይቶ የሚጥለው ንድፍ) በሚያርፍበት ቦታ መሃሉ እጅግ ደማቅ፣ ዳሩ ጨለማ ነው። ሲሲዲ የሚባለው የድሮ ዓይነት ሴንሰር (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ቺፕ) በርካሽ ቢቀርብልህም እለፈው፤ መሃሉ ላይ የሞላው ቻርጅ ወደ ጎረቤት ፒክሰል ይፈስና ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ያሰምርብሃል። ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2015 ምርቱን ሊያቆም መወሰኑን አስታውቋል።

ሲሞስ ከሚባለው አዲሱ ዓይነት ሴንሰር ሁለቱን አወዳድር። የሶኒ አይኤምኤክስ 250 ፒክሰሉ 3.45 ማይክሮን ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ብርሃኑ የሚፈጥረውን 10,000 ገደማ ኤሌክትሮን ይይዛል። አይኤምኤክስ 174 ደግሞ 5.86 ማይክሮን ሆኖ 30,000 ያልፋል። የብርሃኑ የራሱ ኖይዝ (መዋዠቅ) የኤሌክትሮኑ ብዛት ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ሲግናሉ በመጀመሪያው ኖይዙን ቢበዛ 100 እጥፍ፣ በሁለተኛው 170 እጥፍ ግድም ይበልጣል። ጨለማው ላይ ግን ባለትንሹ ፒክሰል (250) ያሸንፋል፤ የንባብ ኖይዙ (ሴንሰሩ ራሱ ሲነበብ የሚጨምረው) አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከደማቁ እስከ ደብዛዛው ያላቸው ስፋት ተቀራራቢ ነው፤ ለፎሪየሩ አንዳቸውም አይበቁም። አንዱን ምስል በ1፣ ሌላውን በ100 ሚሊሰከንድ አንስተህ አጣምር፤ ወይም መሃሉን በጥቁር ነጥብ ጋርደው።

ቀጭን መስመር ለማየት በ633 ናኖሜትር ሌዘር ትንሹ ከኤፍ 11 ጀምሮ ይበቃሃል (ኤፍ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው)፤ ትልቁ የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 18 እንዲጠብ ይፈልጋል። ለአንተ ሥራ ትንሹን እመርጣለሁ። ባለቀለሙን ግን አትንካ፤ ለቀይ ሌዘር ከአራት ፒክሰል አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሴንሰሩን መሸፈኛ መስታወት ነው። ሌዘሩ በሁለቱ ገጾቹ መካከል እየተንጸባረቀ የራሱን ሽንትር (ደማቅና ጨለማ መስመሮች) ይጥላል፤ ጨረሩ ትንሽ ሲያዘነብል ሽንትሩም ስለሚንቀሳቀስ ዕቃው ሳይኖር ባነሣኸው ባዶ ምስል ብታካፍለው አይጠፋም። መስታወት የሌለው እንዳለ ሻጩን ጠይቅ፣ ከአቧራ ግን ጠብቀው።

ሲደርስህ አውቶ ጌይንና አውቶ ኤክስፖዠር (ካሜራው ራሱ የሚቀያይራቸውን የሲግናል ማጉያና የብርሃን መቀበያ ጊዜ) ዝጋ፣ ቁጥሩ ከብርሃኑ ጋር እኩል እንዲያድግ ጋማውን 1 አድርግ፣ ጥሬውን 12 ቢት ውሰድ። ብርሃኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመርክ፣ በየደረጃው በእኩል ብርሃን ሁለት ሁለት ምስል አንሥተህ አንዱን ከሌላው ቀንስ፤ የልዩነቱን ቫሪያንስ (የመበታተኑን መጠን) ለሁለት ከፍለህ ከአማካዩ ጋር በግራፍ አስቀምጥ። ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚሰበርበት ቦታ ፒክሰሉ የሞላበት ነው። የአምፖል ብርሃን ከገባ ኤክስፖዠሩን የ10 ሚሊሰከንድ ብዜት አድርገው፤ የመብራታችን 50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ያርገበግበዋል።

የአገራችሁ ብርድ የሴንሰሩን የጨለማ ኖይዝ ይቀንስልሃል፤ ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገባው ግን እስኪሞቅ ከላስቲኩ አታውጣው፣ ጤዛ ይይዘዋል።

ከመክፈልህ በፊት የሻጩን ዝርዝር ላክልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ