ዕቃውን አየን፤ ኮንቴይነሩንስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ነገር ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዕቃ ቶሎ ይውጣ፣ ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈለው ገንዘብ) አይብላን። እውነት ነው፤ ዲመሬጅ ይበላል። ግን "ፍተሻ" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በር ተከፍቶ ካርቶን ሲቆጠር ነው። ብረቱንና ወለሉን፣ ማለትም ኮንቴይነሩን ራሱን፣ እንደ ጭነት የሚቆጥረው ጥቂት ነው። የዕፅዋት ኳራንታይንን ሥራ የምናውቅ ሰዎች ብዕር ያነሳነው ለዚሁ ነው።

እንግዳ ተባይና አረም ምን እንደሚያደርግ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ቅንጬ አረምን የሐረርጌ ገበሬ "ፈረምሲሳ" ይለዋል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደማለት ነው። ዘሩ ከጤፍ እምብዛም የማይተልቅ ሆኖ ጭቃ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝም የእስያና የዓረብ ምድር ነዋሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 በደረቁ ወቅት ድሬዳዋን ያመሰው ወባ ከእርሷ ጋር መያያዙን ጥናት አሳይቷል። በኮንቴይነር መጣች ብለን አንምልም። በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትራባ ትንኝ ግን ውኃ የቋጠረ አሮጌ ጎማ ብታገኝ ጠልታው አታልፍም።

በመልቲሞዳል፣ ማለትም ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ የማጓጓዣ ውል፣ የሚመጣ ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ ሳይከፈት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከባቡሩ ወይም ከተሳቢው የሚወርድበት ግቢ የአገሪቱ የመጀመሪያ በር ነው፤ ባሕሩ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢርቅም።

ኮንቴይነር ስድስት ፊት አለው። አራቱን ጎን ማንም ያያል። ጣሪያውን የሚያይ ጥቂት ነው፤ ሥሩን የሚያይ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው ግን ሥሩ ላይ ነው። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ ብረቶች መሐል፣ የፎርክሊፍት ጥርስ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ ክሬኑ የሚይዛቸው ስምንቱ የማዕዘን ብረቶች፣ ባለ 40 ጫማ ከሆነም የተሳቢው አንገት የሚገባበት ቦይ፤ አፈሩ፣ ዘሩ፣ ቀንድ አውጣው፣ የጉንዳኑ ቤት፣ የእሳት ራቱ እንቁላል የሚሸሸገው እዚህ ነው። ይህን ለማየት አመቺው ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ሪች ስታከር የሚባለው የኮንቴይነር ማንሻ ተሽከርካሪ ኮንቴይነሩን ከፉርጎው አንስቶ ገና መሬት ሳያስነካው። ተመልካቹ ከጎን ቆሞ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ በታሰረ መስታወትና በጥሩ የእጅ ባትሪ ያያል። በተንጠለጠለ ኮንቴይነር ሥር ማንም አይገባም፤ "ለአንድ አፍታ ነው" የሚል ሰውም አይገባም። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጊዜ የሚበላው ይህ ሳይሆን፣ አንዴ ከተደረደረ በኋላ አፈር ታየበት ተብሎ ከላዩ ያሉትን ሁሉ ማንሳት ነው።

አፈር ሲገኝ የብዙ ሰው እጅ ወደ ውኃ ጎማ ይሄዳል። ስህተት ነው። በባዶ መሬት ላይ በግፊት የተረጨ ውኃ ዘሩን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል፤ ከዚያ ቦይ ለቦይ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳል፤ ደቻቱ ደግሞ ሲሞላ የት እንደሚያደርሰው ከተማው ያውቃል። መጀመሪያ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፤ በደረቁ ይፋቅ፣ ይጠረግ፤ የወረደው በድርብ ፌስታል ታስሮ ይቃጠል። መታጠብ ካለበት በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ ባለበት ይታጠብ። የማቆያው ቦታ ዙሪያም ከሣር የጸዳ ይሁን፤ የወደቀ ዘር መብቀያ፣ ያመለጠ ነፍሳት መጠጊያ እንዳያገኝ።

በሩን ከመክፈት በፊት ጋዝ ይለካ። ጭነቱ ተባይ እንዲገደልበት በፎስፊን ወይም በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኖ ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያው ወረቀት በጉዞ ስለሚቀደድ በሩ ላይ አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ቀጭን ቱቦ በበሩ ጎሚኒ በኩል አስገብቶ በመለኪያ ማየት ይበቃል። ፎስፊን ከሚሊዮን 0.3 እጅ ካለፈ ማንም አይገባም። በማሽተት እንለየዋለን የሚሉ አሉ፤ ፎስፊን ነጭ ሽንኩርት ቢሸትም ሽታው ሁልጊዜ አይታመንም፣ ሜቲል ብሮማይድ ደግሞ አይሸትም ማለት ይቻላል። ተርፎ የተገኘ የፎስፊን ማጠኛ ኪኒን ወይም ዱቄቱ ደግሞ ውኃ አይንካው፤ እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ጋዝ ይለቃል።

እንጨቱን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። አይኤስፒኤም 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የእንጨት ማሸጊያ ደረጃ የሚያዘው ፓሌቱም ሳጥኑም፣ ዕቃው እንዳይነቃነቅ የተወተፈው እንጨትም እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ ሳያቋርጥ 30 ደቂቃ እንዲሞቅ፣ ወይም በተፈቀደ ሌላ መንገድ እንዲታከም ነው። ማረጋገጫው የስንዴ ዛላ ምልክት፣ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ የአምራቹ ቁጥርና የሕክምናው ዓይነት ያለበት ማኅተም ነው። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ፓሌቱ ላይ አይደለም፤ ከባድ ማሽን ሥር የሚወተፈው ያልታተመ ግንድ ላይ ነው። ቅርፊትም ይታይ፤ ወርዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ርዝመቱ ምንም ቢሆን ያልፋል፣ ከዚያ የሰፋ ከሆነ ግን የአንዱ ቁራጭ ጠቅላላ ስፋት 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር መድረስ የለበትም። ማኅተሙ ትክክል ሆኖም ነፍሳት ሊኖሩ ይችላሉ። ነጭ ወረቀት ከሥር ዘርግቶ እንጨቱን መታ መታ ማድረግ ነው፤ የሚረግፈው ዱቄት ፈካ ያለና ትኩስ ከሆነ ውስጡ የሚበላ አለ።

አሮጌ ጎማ የጫነ ከሆነ ውኃ የቋጠረ ጎማ መፈለግ ግድ ነው። ውኃ ቢገኝ ዝም ብሎ አይደፋ፤ መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ። የትንኝ እጭ (ትል መሰሉ ልጇ) ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ከተኛ የወባዋ ወገን ነው፣ ጭንቅላቱን ወደታች ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ የዴንጊዋ ወይም የተራዋ ትንኝ ነው። ከዚያ የእጭ መድኃኒት ይደረግበት፤ ቦይ ውስጥ ግን አይገልበጥ። የዴንጊዋ ትንኝ እንቁላል ጎማው ከደረቀ በኋላም ለወራት ስለሚቆይ "ደርቋል" ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ዕቃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ነው በጣም የሚዘነጋው። ወለሉ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፤ መጋጠሚያው፣ የግድግዳው ሥርና የበሩ ደፍ እህል ይይዛሉ። ካፕራ የሚባለው የእህል ጥንዚዛ የሚደበቀው እዚያ ነው። ትልቁ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጩ ቡናማና ጸጉራም ነው፤ ሳይበላ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል፣ ሲተኛም ማጠኛው ጋዝ እንደልብ አይገድለውም። ሙቀትና ድርቀት ይስማማዋል፤ ማለትም ድሬዳዋ ይስማማዋል። ያንኑ ባዶ ኮንቴይነር የሐረር ቡና ሲጫንበት፣ ጥንዚዛው ተቀባዩ አገር ላይ ቢገኝ ስሙ የሚጠፋው የቡናው ነው።

ስለዚህ ወዛደሩ ወለሉን ሲጠርግ ጥራጊውን ከአጥር ውጭ አይጣለው፣ ለዶሮም ብሎ አይውሰደው፤ እንደ አፈሩ ታስሮ ይቃጠል። አሮጌ ኮንቴይነር ገዝቶ ሱቅ ወይም የእህል መጋዘን የሚያደርግ ሰውም ምንጣፍና ቀለም ከማሰቡ በፊት የኮምፔንሳቶውን መጋጠሚያ በቢላ ጫፍ ይፈልፍል፤ የወጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፍ። ጸጉራም ቅርፊት ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ አንድ ጆንያ እንኳ ሳያስገባ ለኳራንታይን ባለሙያ ያሳይ።

ሁለት የዕፅዋት ኳራንታይን ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ