«ለአንተ ምን ሊቀርህ ነው?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ «ኮምፒውተሩ ራሱ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ ሲባል ሰማሁ፤ እንግዲህ ለአንተ ምን ሊቀርህ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ «አያስቡ፣ ችግር የለም» ብዬ ልመልስ እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ከአባት ልብ የወጣ ስለ ሆነ በወጉ የታሰበበት መልስ ይገባዋል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

መልሴ በአጭሩ፣ የሚቀረኝ ማንበብ ነው የሚል ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ሥራዬ ከጥንቱም ቢሆን ከመጻፍ ይልቅ ማንበብ የበዛበት ስለ ነበረ ነው።

ከሩቅ ለሚያየው ሰው ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ሲነካካ የሚውል ይመስላል። አዲስ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ የምጽፍበት ጊዜ ግን ከውሎዬ ትንሹ ክፍል ነው፤ የሚበዛው ሰዓት የሚያልፈው ሌሎች ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ሥራውን ለቀው ከሄዱ ዘመን ያለፋቸው፣ የጻፉትን በማንበብ ነው። አንዲት መስመር ለመለወጥ በዙሪያዋ ያሉትን ብዙ መስመሮች ማንበብ፣ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠች መረዳት፣ ብትነሣ ምን ምን እንደሚናጋ መመርመር ያስፈልጋል። ሲያዩት ትርጉም የለሽ የሚመስል አንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ብዙ ጊዜ፣ ከዓመታት በፊት አንድን ባለሙያ እንቅልፍ የነሣ ችግር መፍትሔ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳያጣራ ቸኩሎ የሚሰርዝ ሰው ያንኑ ችግር መልሶ ይጠራዋል።

እ.ኤ.አ. 2000 ሊገባ ሲል ዓለምን ያስጨነቀውን የኮምፒውተር ጉዳይ ሳያስታውሱት አይቀሩም። የቀደሙት ፕሮግራመሮች የኮምፒውተር ማኅደር ውድና ጠባብ በነበረበት ዘመን ዓመተ ምሕረትን በአራት አኃዝ ፈንታ በሁለት ይመዘግቡ ስለ ነበረ 1975 ለእነርሱ 75 ብቻ ነበር፤ ስለዚህ 2000 ሲደርስ ማሽኑ 00 የሚለውን 1900 አድርጎ ሊቆጥረው ይችል ነበር። አንዱን ቦታ ማረም ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ስሕተቱ የት የት እንደ ተቀመጠ ማግኘት ነበር። ከእነዚያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተጻፉት እ.ኤ.አ. በ1959 በተነደፈው ኮቦል በተባለ ቋንቋ ስለ ነበረ፣ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተጠርተው የአሥርት ዓመታትን ጽሑፍ መስመር በመስመር አነበቡ። ዕለቱ ያለ ታላቅ ጥፋት ሲያልፍ «ለካ ያ ሁሉ ወሬ ከንቱ ኖሯል» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን ከዚያ ሰላም ትልቁ ድርሻ የአንባቢዎች ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስማቸው አልተጠራም፣ የሚገባቸውንም ምስጋና አላገኙም።

አባባ፣ እኔ የምጽፈው ነገር ሁሉ ሁለት አንባቢ አለው። አንደኛው ማሽኑ ነው፤ እርሱ የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አያነብም፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ይሆናል» ብሎ አይሞላልኝም። ሁለተኛው ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው። ማሽኑ አንድን መጠን «ሀ» ብዬ ብሰይመው ወይም «ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ» ብዬ ብሰይመው ግድ የለውም፤ ለሰውዬው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ቀን ድካም ሊሆን ይችላል። ዶናልድ ክኑት የተባለው ታላቅ የሙያችን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዋናው ተግባራችን ኮምፒውተሩ እንዲሠራ የምንፈልገውን ነገር ለሰው ልጅ ማስረዳት መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። ይኸው ሰው በመጽሐፎቹ ውስጥ ስሕተት ላገኘለት አንባቢ ለእያንዳንዱ ስሕተት 2.56 ዶላር ሽልማት ሲሰጥ ኖሯል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ሽልማቱ በሙያው ዓለም ታላቅ ክብር ነው፤ ጥንቃቄ ያለውን አንባቢ እንዲህ አድርጎ ማክበሩን እጅግ እወድለታለሁ።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1843 እንግሊዛዊቷ ኤዳ ላቭሌስ ቻርልስ ባቤጅ ስላቀደው የስሌት ማሽን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ተርጉማ፣ ከጽሑፉ የሚረዝም የራሷን ማብራሪያ ጨመረችበት። በማብራሪያው መጨረሻ ማሽኑ የበርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን እንዴት ደረጃ በደረጃ ሊያሰላ እንደሚችል በሰንጠረዥ አሳየች፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የታተመ ፕሮግራም የሚሉት ይህንኑ ነው። ማሽኑ ግን በባቤጅ ዘመን ተሠርቶ አላለቀም። ስለዚህ ያ ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ሰው ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ሆኖ ኖረ፤ ሙያችን ከማሽኑ በፊት አንባቢ ነበረው ማለት ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እርስዎን በተለይ ደስ የሚያሰኝዎት ደግሞ ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው የኔዘርላንድስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሰፈረው ሐሳብ ይመስለኛል። ለብቁ ፕሮግራመር ከሒሳብ ዝንባሌ ቀጥሎ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እጅግ አጥርቶ ማወቁ ነው ይላል። ይህን ሳነብ ያሰብሁት እርስዎን ነው። በልጅነቴ የጻፍሁትን ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብልዎ ያዝዙኝ ነበር፤ ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብለው ያቋርጡኝ ነበር። ዛሬም የሥራ ባልደረባዬ ኮድ አቅርቦ አስተያየት ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የማነሣው ጥያቄ ያው የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ ይህን መዝገብ የሚለውጠው የትኛው ክፍል ነው? በየትኛው ሰዓት? በማን ፈቃድ? ደግሞም አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ስለሚያቆየው፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው የተከፈተውን ሁሉ በልቡ ይዞ ማሰሪያው እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። አንዱ ትእዛዝ በሌላው ውስጥ፣ ያም ደግሞ በሌላ ውስጥ የተከፈተበትን ኮድ ሳነብ የምጠቀመው ይህንኑ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እውነት ነው፤ ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ማሽኖች አሉ፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። አሠራራቸው እጅግ ብዙ ጽሑፍና ኮድ ከመመርመር የተገኘ ነው፤ እስካሁን ከተጻፈው ቀጥሎ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለው ቁራጭ የትኛው እንደሆነ እያሰሉ ደረጃ በደረጃ ይቀጥላሉ። እኔ ግማሽ ቀን የምደክምበትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ነገር አብሮ መጥቷል። ሰው ያልገባውን ሲጽፍ አለመረዳቱ በጽሑፉ ላይ ይታወቃል፤ ስሞቹ የተምታቱ፣ አካሄዱ የተወላገደ ይሆናልና አንባቢው ገና ሲያየው ይጠራጠራል። የማሽኑ ጽሑፍ ግን ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም መልኩ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ የተስተካከለ፣ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ የሌለ ትእዛዝ እንዳለ አድርጎ በልበ ሙሉነት ይጠራል። ስለዚህ ቀድሞ አንባቢውን የሚያነቃው ምልክት ጠፍቷል፤ ጽሑፉ በበዛ ቁጥርም ማስተዋል ያለው አንባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል። ይህ መስመር ትክክል ነው ብሎ የሚፈርመው፣ ነገር ቢበላሽም የሚጠየቀው አሁንም ሰው ነው።

የሚያሳስበኝ እንግዲህ የእኔ እንጀራ ሳይሆን አዲስ ወደ ሙያው የሚገቡት ወጣቶች ናቸው። እኛ ማንበብን የተማርነው በመጻፍ ድካም ውስጥ ነው። እነርሱ የተዘጋጀ መልስ ከፊታቸው ሲቀርብላቸው ቆም ብሎ የመመርመር ልማድ ከየት ያገኛሉ? ለዚህ የተሟላ መልስ የለኝም። ከእኔ ጋር የሚሠሩትን ግን ማሽኑ ያቀረበውን ከመቀበላቸው በፊት በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከፈቀዱም ረጅም መጽሐፍ እንዲያነቡ እመክራቸዋለሁ።

ረጅም መጽሐፍ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሥራዬ ንባብ የተቆራረጠ ነው፤ መልእክት ይመጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ አንዱ መስኮት ተዘግቶ ሌላው ይከፈታል። ደግሞም በሥራ ላይ የማነበው ጥፋት ለመፈለግ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እጠራጠረዋለሁ። ማታ ልብ ወለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ስይዝ ግን ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ በሙሉ ልቤ ለደራሲው እታዘዛለሁ። አንድን ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ተከትዬ፣ በመካከል ያደረገውን ሳልረሳ፣ ሳልፈርድበትም፣ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ለመረዳት እሞክራለሁ። እንዲህ ያለ ምሽት ባይኖረኝ ኖሮ ጠዋት የሌላውን ሰው ኮድ ስከፍት ከስሕተቱ በቀር የሚታየኝ ነገር አይኖርም ነበር፤ ከስሕተቱ ጀርባ ምን አስቦ እንደ ነበረ ለመጠየቅ የምችለው ከልብ ወለድ በተማርሁት ልብ ነው። የሙያ መጽሐፍትን በተመለከተ ግን መራጭ ሆኛለሁ፤ ስለ አንድ መሣሪያ አጠቃቀም የሚያወሩት ቶሎ ያረጃሉና ከመሠረቱ የሚነሡትን አስቀድማለሁ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ማስላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቀረበው ትንታኔ፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ገና ሳይሠራ የተጻፈ ሆኖ ሳለ እስካሁን ይነበባል።

አባባ፣ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን በደብዳቤዎ መካከል እንደ ቀላል ነገር አድርገው የጠቀሱት ነው፤ ፊደሉ እየደከመብዎ መጽሐፍ መያዝ እንደ ቀነሱ ጽፈዋል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ከቅርብ ማየት ማስቸገሩ የታወቀ ነው፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል በመጀመሪያ የዓይን ሐኪም እንዲያዩ አደራ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ድርሻ ይሁን። እንደ ወረቀት ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን የሚነበብ የመጽሐፍ ማንበቢያ አለ፤ በገጹ ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ጥቃቅን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እየተንቀሳቀሱ ፊደሉን ይሠራሉ፣ ገጹም አንዴ ከተሠራ በኋላ ያለ ተጨማሪ ኃይል ይቆያል። ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ማተለቅ ይቻላል።

ይህ የሚሠራው ግን መጽሐፉ በእውነተኛ ፊደል የተጻፈ ሲሆን ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ለማሽኑ ሥዕል ስለ ሆነ ሲተልቅ መስመሩ ከገጹ ይወጣል፤ በጽሑፍ የተቀመጠው ግን ሲተልቅ መስመሩን እንደ ገና ይደረድራል፣ ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ፕሮግራምም ይመቻል። በቀድሞው ጊዜ በአማርኛ የተተየበ ጽሑፍ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን የነበረው፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላቱን በየራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለ ነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደላት ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ደንብ 3.0 እትም ውስጥ የራሳቸው ቋሚ ቁጥር ከተሰጣቸው በኋላ ያ ችግር ተቃለለ፤ «ሀ» ዛሬ በየትኛውም አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሯ 4608 ነው። የእኔ ሙያ ለእርስዎ ንባብ ካደረገው ውለታ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ደግመው ሊያነቡት የሚፈልጉትን መጽሐፍ ስም ይላኩልኝ። በጽሑፍ መልክ ከተገኘ ፊደሉን አስተካክዬ እልክልዎታለሁ፤ በሥዕል ብቻ ከተገኘ ከሥዕል ላይ ፊደል በሚለይ ፕሮግራም አሳልፈዋለሁ። ፕሮግራሙ በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለያዩትን ፊደላት ማምታታቱ አይቀርምና ከመላኬ በፊት ገጽ በገጽ አንብቤ አርመዋለሁ። የዓይን ሐኪሙ የሚነግርዎትንም ሳይደብቁ ይጻፉልኝ፤ ፊደሉን የማተልቀው በዚያ ልክ ነው።

አክባሪ ልጅዎ