ለአራሷ ወዳጄ፣ ከሻንቲኒኬተን

ውድ እህት ዓለም፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ አፍራለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ አድርጊው፤ አሁን ግን መውለድሽን ከሰማሁ ወዲህ ልቤን ስለያዘው ነገር ልንገርሽ።

እዚህ ህንድ፣ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ፣ በቢርብሁም መንደሮች፣ ሴቶች ካንታ የሚባል ጥልፍ ይጠልፋሉ። ለሚወለድ ልጅ የሚሠራው ከአዲስ ጨርቅ ሳይሆን፣ የእናትና የአያት ገላ ካለሰለሰው አሮጌ ሳሪ ነው፤ ቀድሞ ክሩንም ከዚያው ከሳሪው ጥለት ይመዙት ነበር። ጨርቁን ደራርበው ዳር ዳሩን ካያያዙ በኋላ፣ መሐሉ ላይ የሎተስ አበባ፣ ማዕዘኖቹ ላይ የሕይወት ዛፍ ያኖራሉ፤ የቀረውን ነጭ ቦታ በተራ ስፌት ሲሞሉት ነፋስ እንደነካው የኩሬ ውኃ ይሸበሸባል። ዲዲ እያልኩ የምጠራት አስተማሪዬ ሥራዬን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ ቋጠሮ ካገኘች የሕፃን ገላ ይቧጥጣል ብላ ትፈታዋለች።

ስለ እሷ ሳስብ ግን እንቅልፍ አጣለሁ። ለገበያ ለምትጠልፈው አንድ ሳሪ ወራት ትለፋለች፤ ክርና ጨርቅ የሚያመጣላት ነጋዴ የሚከፍላት በቁራጭ ነው፤ ካልካታ ሱቅ ውስጥ በስንት እንደሚሸጥ የነገራት ሰው የለም። የምዕራብ ቤንጋል ናክሺ ካንታ፣ ማለት ባለ ሥዕሉ ካንታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በመልክዓ ምድራዊ መለያ፣ ስሙን ለአካባቢው ሥራ በሚጠብቀው መዝገብ፣ ተመዝግቧል፤ በ2023 ደግሞ ፕሪቲካና ጎስዋሚ ለተባሉ የካንታ ጥልፍ ባለሙያ የህንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሲሰጣቸው ዲዲ የራሷ እህት የተሸለመች ያህል ደስ ብሏታል። የእሷ ዋጋ ግን ያው ነው። ልጇ መርፌ አልይዝም ብላለች፤ እኔም አልፈርድባትም። በ1947 ድንበር ቤንጋልን በህንድና በዛሬዋ ባንግላዴሽ መካከል ለሁለት ሲከፍል በወዲህም በወዲያም ሳይቋረጥ የቀጠለ ስፌት በክፍያ ማነስ ሲቋረጥ ማየት ያንገበግበኛል።

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ የፈራሁትን ልጠይቅሽ። የእማማን ሳጥን ከፍተሽው ከሆነ... ካልሆነልሽ ተዪው፤ ከሆነልሽ ግን አንድ ያረጀ ነጠላዋን ላኪልኝ። የታችኛውን ድርብ ዲዲ ከራሷ ሳሪ ሰጥታኛለች፤ ልጅሽን የሚነካው የላይኛው ግን የእማማ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ስትሰርቂኝ የኖርሽውን ቀይ ክር ሁሉ በዚህ ምሬሻለሁ! ጥለቱ ቢያልቅ፣ ቢቀደድም ግድ የለም፤ ብቻ እንዳታጥቢው በበረኪና። የልጁንም ስም ጻፊልኝ፤ በፊደላችን ጥጉ ላይ እጠልፈዋለሁ።

የአንቺው