የሱስን ሒሳብ አንድ ላይ ደምሩልን

ይድረስ ለጤና በጀት ለምትወስኑ የመንግሥት ኃላፊዎች፤

ወንድሜ ለስድስት ዓመት የመጠጥ ሱሰኛ ነበር። እናቴ የቤት ወጪ የምትጽፍበት ደብተር አላት። በቅርቡ ገለጥኩት። የመጠጥ ዋጋ የሚል መስመር የለበትም። የተሰበረ ክንዱን ያሳከመችበት፣ የዋስትና ገንዘብ፣ የገጨው የሰው መኪና ማሠሪያ፣ ከሥራ ሲባረር የተበደረችለት የቤት ኪራይ ግን አለ። ገጹ በእነዚህ ሞልቷል። የሱስ ሕክምናው ወደ መጨረሻ አካባቢ አንድ መስመር ብቻ ይዟል። ከእሱ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ ወንድሜ ከደሞዙ ያመጣላት ገንዘብ ይጀምራል።

የሱስ ሕክምና በጀት ሲጠየቅ "አቅም የለም" ይባላል። ያልታከመውም ሰው ግን ያስወጣል። ፖሊስ ይከፍላል፣ ፍርድ ቤት ይከፍላል፣ ማረሚያ ቤት ይከፍላል፣ የድንገተኛ ክፍል ይከፍላል። ሁሉም የየራሱን ብቻ ስለሚያይ ድምሩን የሚያውቅ የለም። ሕክምናው ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ስለሚጻፍ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የደመሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በአሜሪካ የኮኬይን ፍጆታን በ1 በመቶ ለመቀነስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሰላ። በአገር ውስጥ ሕግ ማስከበር 246 ሚሊዮን ዶላር፣ በሕክምና 34 ሚሊዮን። በዚያው ዓመት የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናትም ለሕክምና የወጣ 1 ዶላር ወደ 7 ዶላር ገደማ እንደሚያድን አሳየ። አብዛኛው የዳነው ወንጀል በመቀነሱ ነው። ቁጥሩ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሰባትን ሙጥኝ አልልም። ሁለትም ቢሆን እኮ ያዋጣል!

"ታክመው ተመልሰው ይገቡበታል" እንደምትሉ አውቃለሁ። ወንድሜም ሁለት ጊዜ አገርሽቶበታል። መጀመሪያ የገባበት ቦታ መጠጡን ከሰውነቱ አውጥቶ፣ ያለ ምንም ቀጠሮ ወደ ቤት ሸኘው። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። የደም ግፊት ታካሚ ክትትሉ ሲቋረጥ ይብስበታል፤ ሱስም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለቀጣዩ በጀት ስትቀመጡ የፖሊስን፣ የማረሚያ ቤትንና የሆስፒታልን ኃላፊዎች አብራችሁ ጥሩ። እያንዳንዱ በሱስ ምክንያት ያወጣውን ይዞ ይምጣ። የሕክምናው ጥያቄ ከዚያ ድምር ጎን ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ታካሚም ቢያንስ የአንድ ዓመት ክትትል ይያዝለት።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ታካሚ እህት