ፒጃማ ስለለበስኩ «አንተ» መባል

ለክቡር አዘጋጁ፣

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ጸንቶብኝ በሩ ተቆልፎ በሚውል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል 7 ሳምንት ተኝቻለሁ። በቁልፉ አላማርርም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ እሱ ባልተረፍኩ ነበር። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ መውሰዳቸውም፣ ክኒኑን መዋጤን አፌን አስከፍተው ማየታቸውም ገብቶኛል።

ያልገባኝ ሌላ ነው። ባለሱቁ ሳይቀር አንቱ የሚለኝ ሰው፣ የሆስፒታሉን ፒጃማ በለበስኩ ማግስት «አንተ፣ ና ዋጥ!» ተባልኩ። ያውም በልጄ ዕድሜ በምትሆን ነርስ! «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» የምትለኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች፤ እሷ ዕረፍት የወጣች ቀን አይነጋልኝም ነበር።

ስለ መድኃኒቱም ያስረዳኝ አልነበረም። ይሰጠኝ የነበረው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል እንደሚያደርግ ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ፣ በባሕር ዳር ፀሐይ ፊቴ ተልጦ ነው። ጎረቤቶቼ «ጸበሉ አወጣለት» አሉ። (ጸበሉንም ክኒኑንም አልተውኩም።)

የክፍሉ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ አደራ፦ አዲስ ለሚገባው ሰው መድኃኒቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱት፤ ዕድሜውንም ከካርዱ ላይ ይመልከቱለት።

ጡረተኛው መምህር
ከባሕር ዳር