ከዋይት ሀውስ ጎን ካለው ቤት ፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን፣ ላፋየት አደባባይ ጥግ ላይ አንድ የቀይ ጡብ ቤት አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ እስቲፈን ዲኬተር በ1820 (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) በሽጉጥ ቆስሎ የሞተው እዚያ ነው። የመታው የገዛ ባልደረባው ጄምስ ባሮን ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ባሮን በ1807 በቼሳፒክ መርከብ ሲጓዝ፣ ሌፐርድ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ አስቁማ ተኮሰችበት። መድፎቹ አልተሰናዱም፣ ወለሉ ጓዝ በጓዝ ነበር። ሦስት ሰው ሞተ፣ 18 ቆሰለ፤ አንድ መድፍ ብቻ ተኩሰው ባንዲራቸውን አወረዱ። የጦር ፍርድ ቤቱ ባሮንን አምስት ዓመት ያለ ደመወዝ አገደው። ፈሪ ነው አላለም፤ መርከቧን ለውጊያ አላዘጋጀም አለ። ጥፋቱስ ጥፋት ነው። ግን ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ዲኬተር ቀድሞ አቋም ስለያዘ ከዳኝነቱ እንዲያወጡት ጠይቆ ነበር፤ አልሰሙትም።

አሁን የዚያው ባሕር ኃይል ካፒቴን የነበረውን ቤይንብሪጅን ተመልከትልኝ። በ1798 መርከቡን ለፈረንሳዮች አስረከበ። በ1803 ፊላዴልፊያ የተባለችውን መርከብ ትሪፖሊ ፊት ለፊት ከባሕር ውስጥ አለት ላይ አስቀምጦ ከ300 በላይ ሰው አስማረከ። መርማሪዎቹ ነጻ አወጡት፤ በ1812 ማብቂያ ኮንስቲትዩሽን የተባለችውን መርከብ እየመራ የእንግሊዟን መርከብ ጃቫን ድል አደረገ። ለጋ ባሕር ኃይል ነበር፤ ካፒቴኖቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ሰውን የሚመዝኑትም አብረውት ያደጉ፣ ሹመቱን የሚሻሙት። ባሮን ከባሕር ማዶ ተመልሶ ሥራ ሲጠይቅ ዲኬተር ተቃወመ። በመጨረሻ ከዋሽንግተን አቅራቢያ ብላደንስበርግ ላይ ሁለቱ ሽጉጥ ሲማዘዙ ከዲኬተር ጎን የቆመው ቤይንብሪጅ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል ያገኘው ሰው!

ወደ እኛ ልመለስ፤ ያን ሌሊት መርከቧን ደለል ላይ ያስቀመጠውን ልጅ መቼም አልረሳኸውም። ሦስት ሆነን ልንመዝነው ስንቀመጥ እኔ በር ሳልገባ ፈርጄበት ነበር። አንተ "የዘቡን ተረኛ እንጥራ፣ የጥልቀቱን መዝገብ እንይ" ስትል አቋረጥኩህ። ከዚያ ወዲህ መርከብ አዝዞ አያውቅም። ዲኬተር እንኳ አውጡኝ ብሏል፤ እኔ ግን አላልኩም።

የት እንዳለ ታውቃለህ? አድራሻውን ላክልኝ። መጀመሪያ ግን አንተ ጻፍልኝ።

ወንድምህ